የቅዳሜ ምሳ

ለልጄ እናት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ብርድ ሲገባ እንደሚጠናብሽ ስለማውቅ ነው። እኔ አለሁ፤ የብየዳው እሳት ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል እንጂ ለክፉ የሚሰጥ አይደለም።

በስልክ መነጋገሩ ስላልሆነልን ነው የምጽፍልሽ። ገና ስንጀምር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ልጃችንም ትሰማለች።

ከተለያየን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጃችን ጋር ምሳ የምንበላው መናኸሪያው አጠገብ ባለው ምግብ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሌላ የት ልውሰዳት? የማድረው ጋራዡ ጓሮ ባለችው ክፍል ከሦስት ወንዶች ጋር ነው። እዚያ እንዳትረግጥ ብለሻል፤ እውነትሽን ነው። መጀመሪያ ላይ ውጭ መብላት ለእሷ ሠርግና ምላሽ ነበር። የተጠበሰ ድንች ሲመጣ ወንበሩ አይበቃትም። አስተናጋጇ "የጥጉ ጠረጴዛ ባለርስቶች መጡ!" እያለች ታስቃት ነበር። እኔም በሳምንት አንዴ ቤት ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ምሳ ዕቃ ይዛ መምጣት ጀመረች። "እማዬ የውጭ ዘይት ሆድ ያማል ብላለች" አለችኝ። አልተቀየምኩሽም። የማታውቂው ሰው የሠራውን ልጅሽ ስትበላ ሆድሽ ባይረጋ አይገርምም። ብቻ እኔ ሳህኔን፣ እሷ ምሳ ዕቃዋን ይዘን ፊት ለፊት ስንቀመጥ፣ ቦታ ጠፍቶ አንድ ጠረጴዛ የተጋራን መንገደኞች እንመስል ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን የነገረችሽ አይመስለኝም። አንዲት የክፍሏ ልጅ ከእናት አባቷ ጋር ገባች። ልጃችን ገና ስታያት ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ ደበቀችው። ልጅቷ መጥታ ሰላም አለቻትና "አባትሽ ናቸው?" ብላ ጠየቀቻት።

"አይ፣ አጎቴ ነው። አባቴማ ቤት ነው፤ ከእማዬ ጋር ምሳ እየጠበቁኝ ነው" አለቻት።

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኔ ላይ መለስኩት። ልጅ በጓደኛዋ ፊት ማፈር የለባትም ብዬ "አዎ፣ አጎቷ ነኝ" አልኩ። የልጅቷ አባት ደግሞ ደግ ሰው ነው፣ መጥቶ ጨበጠኝ። "የወንድም ልጅ ናት የእህት?" ሲለኝ "የእህት" አልኩት። ያመመኝ መዋሸቴ አይደለም፤ ሰውየው ያለምንም ጥርጥር አምኖኝ መሄዱ ነው።

ከሄዱ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም። ምሳ ዕቃዋን ከፈተችና ማንኪያ አቀበለችኝ። "አባዬ፣ ቅመስ" አለችኝ። ቀመስኩ። ዛሬም ጨው አይበዛብሽም። ያኔ ለእኔ ደም ግፊት ብለሽ የጀመርሽው ነው፤ እጅሽ ለምዶት ይሆናል። ደግሞ ለአንድ ልጅ ያን ያህል አትሙዪላት፣ ሁልጊዜ ግማሹ ይተርፋታል። ማንኪያም ሁለት ሁለት እየከተትሽ ነው፤ አንዱ መንገድ ላይ ይጠፋብሻል።

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ምሳዋን እቤቷ ትብላ። እኔን ፍለጋ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ስትንከራተት፣ አባቷን ለሰው ስትደብቅ አትደግ። ከጠየቀችሽ "ሥራ በዝቶበት ነው" በያት። ካልጠየቀችሽ አታንሺባት።

ወገብሽን ይማርልሽ። ማዕድሽ አይጉደል። እሷን ለቁም ነገር ያብቃልን።

የልጅሽ አባት