ያልተጠሙት ጣሳዎች

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ባለፈው ደብዳቤሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ በአንድ መስመር ማለፍሽን አልወደድኩትም። በእውነት ደህና ስትሆኚ ስለ ጉልበትሽ አንድ ገጽ ሙሉ እንደምታማርሪ እኮ አውቃለሁ። የስፌት መኪናሽ መርገጫ ተጠገነልሽ? ታናሽ ወንድሜስ አሁንም እየተመዘዘ ሱሪ ይፈጃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግርሻለሁ። ብቻ እንደ ልማድሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታነቢ።

ወደ ቤት እንድመለስ ስትጸልዪ እንደከረምሽ አልጠፋኝም። ዳይሬክተራችን ቤተ ሙከራውን ዘግቶ የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሊያደርገው እንዳሰበ፣ ክፍሉ ከተዘጋም የእኔ ቦታ ታጥፎ ወደ እናንተ አካባቢ እንደምመደብ የጻፍኩልሽ ጊዜ፣ የመለስሽልኝ «ለበጎ ነው» ብለሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽና ተቀየምኩሽ። አንቺ ልጅሽን ፈለግሽ፣ እኔ ደግሞ ያንን ክፍል ፈለግሁ። አሁን ነገሩ ስለለየለት ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ክፍሉን ብታዪው ለዚህ ነው ይህን ያህል የምትሆኚው ትይኛለሽ። አምስት ጠረጴዛ አለው፤ ሁሉም ላይ የእሳት ክብ ክብ ምልክት አለ። ማይክሮስኮፑ አንድ ነው፤ መስታወቱ ከተሰበረ ወዲህ ከአንዲት ተማሪ የፊት መስታወት ቆርጠን ተክተንለታል። ቧንቧው አይዘጋም። ግድግዳው ላይ ያለው የአጽም ሥዕል የታች መንጋጋው ተቀድዶ ሁሌ የደነገጠ ይመስላል። ክፍሉን የሚጠብቁት ሽማግሌ ሃያ ሦስት ዓመት እዚያው ኖረዋል። በሩ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ሚዛኑ ላይ፣ የራሳቸው ወንበር ላይ ሳይቀር «አይነካም» ብለው ስለለጠፉ ልጆቹ «አይነኬ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ስሙን ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ለዘጠነኛ ክፍሎቼ፣ አርባ ሁለት ናቸው፣ ሙከራ እንዴት እንደሚነደፍ ማስተማር ነበረብኝ። መጽሐፉ «ማነጻጸሪያ ቡድን» ብሎ ስድስት መስመር ጽፎበታል፤ ስድስቱም ያስተኛሉ። እኔ ግን አንቺ አዲስ ጨርቅ ሲመጣልሽ የምታደርጊው ትዝ አለኝ። መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ትቆርጫለሽ፤ አንዱን በሙቅ ውሃ ታጥቢያለሽ፣ ሌላውን እንደደረቀ ታስቀምጫለሽ፤ የታጠበው ሲደርቅ አንዱን በሌላው ላይ ደርበሽ በብርሃን ታያለሽ። ከላክሽልኝ ሰማያዊ ጨርቅ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ እፊታቸው እንደዚያው አደረግሁ። ያልታጠበው ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቅ አንዱ ለማስታወሻ ነው አለ። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ አለች፤ ምንም ብትነግሪያት «በምን አወቅን?» ስለምትል ስሟ እሱው ሆኖ ቀርቷል። እሷ ተነስታ፣ ደረቁ ባይኖር ጨርቁ ምን ያህል ገብቶ እንዳጠረ የምናወራው ከልባችን ፈጥረን ብቻ ይሆን ነበር አለች። ይኼን ብልሃት ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማነጻጸሪያ ቡድን የሚል ተማሪ የለኝም። ሁሉም «ደረቁ ቁራጭ» ነው የሚሉት፤ ፈተና ላይም እንደዚያ ጽፈውልኝ አርሜላቸዋለሁ፤ ልክ ብዬ።

የመጀመሪያው ሙከራችን ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ባቄላ ስንት ውሃ ይበቃዋል? ሠላሳ ጣሳ ሰበሰብን፤ አፈሩን መዝነን እኩል ሞላን፤ ሁሉንም በአንድ መስኮት ሥር ደረደርን። ከበቀሉ በኋላ አሥሩ በየቀኑ አንድ ስኒ ውሃ፣ አሥሩ በሦስት ቀን አንድ ስኒ፣ አሥሩ ደግሞ ምንም እንዳያገኙ ወሰንን። በማግስቱ ስገባ ልጆቹ እነዚህን የመጨረሻዎቹን «ጥማተኞቹ» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ስም ያወጡለትን ነገር ሲደርቅ ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ የት አለ?

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በየቀኑ የሚጠጡት ቢጫ ሆነው ሥራቸው መሽተት ጀመረ። ጥማተኞቹ ግን ከሁሉም በላይ ለምልመው አንገታቸውን ቀና አድርገዋል። ምልክቱን ያቀያየርኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አየሁ። ከዚያ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብከት እርጥብ ነው። ክፍሉ ይዘጋ አይዘጋ ብለው የሚወስኑት ሱፐርቫይዘሮች ሊመጡ የቀራቸው ሁለት ቀን ነበር።

ማን ነው ያጠጣቸው ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ወለሉን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ እግር ኳስ ቡድን በረኛ የሆነው ረጅሙ ልጅ ተነስቶ፣ ከኮዳው የተረፈችውን አንድ ጉንጭ ብቻ እንዳፈሰሰ ተናገረ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ዞር ብላ አንተም እንዴ አለችው። ከዚያ አንድ እጅ ወጣ፣ ሌላ ወጣ፣ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ። እያንዳንዱ ብቻውን የራራ መስሎት ነበር። እኔም ገና አፌን ሳልከፍት ከበሩ በኩል ሳል ሰማን። አይነኬ ናቸው። እሁድ እሁድ ሲጠርጉ እንደው አቧራው እንዲበርድ ያህል ትንሽ ጠብ እንዳደረጉባቸው ተናገሩና፣ የራሳቸውን «አይነካም» ቀና ብለው አይተው አንገታቸውን ደፉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ እንጂ ግማሽ ልቤ ሊያለቅስ ፈልጎ ነበር።

ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። በዕረፍት ሰዓት የክፍሉ አለቃ አዲስ ደብተር ይዞልኝ መጣ። ጥማተኞቹ ቀን በቀን ሲጠወልጉ፣ መሆን እንደነበረበት አድርጎ ቁጥሩን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ ሞልቶታል፤ ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል መሰለሽ። እኔም ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ግማሽ ቀን አብሮኝ ዋለ። ክፍሉን አሰብኩ፣ ዴስኮቹ ከአሁኑ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው በሩን እንደሚጠብቁ አሰብኩ፣ እዚህ መቅረት ምን ያህል እንደምፈልግ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ «በምን አወቅን?» ነገሩን ከአለቃው ሰምታ መጣች። ተቆጥታ አልነበረም፤ የገረማት ነው የምትመስለው።

«ቲቸር፣ ይኼን ካሳየናቸው ደረቁን ቁራጭ እንደመጣል አይሆንብንም?» አለችኝ።

እማዬ፣ በዚያች ደቂቃ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ የኮራሁትንም ያህል እንዲሁ። ደብተሩን ለባለቤቱ መለስኩ።

ሱፐርቫይዘሮቹ ሲመጡ እሷው እፊታቸው ቆመች። አንዷ ድምፃቸው ቀጭን፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ነበሩ። ልጅቷ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ዘረዘረችና፣ «የባቄላውን ውሃ እንለካለን ብለን የለካነው አንጀታችንን ነው» አለች። ሴትዮዋ አልሳቁም። እንዳይደገም ምን ታደርጋላችሁ ብለው ብቻ ጠየቁ። ሃያ እጅ ወጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሳዩኝ ብለው ሄዱ።

ልጆቹ ራሳቸው የደረሱበት መፍትሔ ይኼ ነው፦ ለሁሉም እኩል ውሃ ይሰጥ፣ የትኛው ምን እንደሆነም ማናችንም አንወቅ። ጥያቄውን ቀየርን፤ ባቄላ ከመዘራቱ በፊት ውሃ ውስጥ ቢያድር ይጠቅመዋል ወይ የሚል ሆነ። ግማሹ የራሰ ግማሹ ደረቅ ፍሬ ይዘራል፣ ጣሳው ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፋል፣ የቁጥሩ ፍቺ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። የሚዘራውና ፖስታውን የሚይዘው ከክፍሉ ውጭ የሆነ፣ ምሥጢር የማያፈስ፣ አንጀቱ የማይራራ ሰው መሆን አለበት አሉ። ሁሉም በአንድ አፍ የሒሳቡን መምህር ጠሩ።

ስለዚህ ሰውዬ ከዚህ በፊት ጽፌልሽ ይሆናል፤ አላስታውስም። ልጆቹ «ነጥብ» ይሉታል፤ ከሥርዓተ ነጥብ ሳይሆን አንድ የአስርዮሽ ነጥብ ያለቦታዋ ካያት ምሳውን ስለማይበላ ነው። እኔን ራሴን አማካይ ስሠራ ሁለት ጊዜ አርሞኛል፤ ተማሪዎቼ ፊት። የግራ እጅጌው ቁልፍ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ የለም፣ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ አንቺ ብታዪው መርፌሽን ይዘሽ ታሯሩጪው ነበር። ዘርቶ ሲጨርስ ፖስታውን በሰም አሽጎ ኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተና፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዞት ዞረ።

ልጆቹ ያልለመኑት ልመና የለም። እኔም ለምኜዋለሁ። ቤታችን በአንድ መንገድ ስለሆነ ከሥራ ስንወጣ አብረን ነው የምንሄደው። ሰባት ቁጥር ቀድሞ በቀለ፤ የራሰው ነው አይደል እለዋለሁ። እሱ ስለ አየሩ ያወራልኛል። ፍንጭ ስጠኝ እለዋለሁ፤ ስለ ክፍልፋይ ይጀምርልኛል። እንዲህ ያለ ድርቅ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን በስጨት ብዬ ቀድሜው ሄድኩ፤ በማግስቱ በር ላይ ጠበቀኝና፣ ምሥጢሩን ቢነግረኝ ከሁሉ በፊት የምቆጣው እኔው ራሴ እንደሆንኩ ነገረኝ። ልክ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

ቀኑ ደረሰ። አርባ ሁለቱም ተማሪዎች፣ ዳይሬክተሩ፣ ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮች፣ አዲስ ካፖርት የለበሱት አይነኬ፣ ሁሉም ሠላሳውን ጣሳ ከበው ቆሙ። የልጆቹ ደብተር ሰሌዳው ላይ ተገልብጧል፦ የትኛው ቁጥር መቼ በቀለ፣ በየቀኑ ስንት ሴንቲሜትር ሆነ። ነጥብ ሰሙን ሰብሮ ፖስታውን ከፈተ፤ ወረቀቱን አውጥቶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። የራሱት ፍሬዎች በአማካይ በሁለት ቀን ቀድመው በቅለዋል። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ግን ቁመታቸው ከደረቆቹ ጋር እኩል ሆኗል። የክፍሉ አለቃ፣ ያ ባለ ቆንጆ ጽሕፈቱ፣ ከማንም ቀድሞ «ይኼንን እኮ በልብ ወለድ አንጽፈውም ነበር» አለ። ያን ጊዜ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴት ሳቁ። ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ዴስኮች ያንኑ ቀን የሚያነሣለት ሰው ፈለገ። ልጆቹ አይነኬን በትከሻቸው ሊያነሷቸው ሲሞክሩ «አይነካም» ብለው ጮኹ፤ ግን አልሸሹም።

እንግዲህ ክፍሉ ተረፈ። የእኔም ቦታ ጸና፤ ደብዳቤው ትናንት ተጻፈልኝ። ጸሎትሽ በእኔ በኩል ስላልሠራ ይቅር በይኝ። አዝነሽ ከሆነ ግን ፈጥነሽ አትዘኚ፤ ገና አልጨረስኩም።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። ሁለተኛዋ በአራት ታጥፋ ላይዋ ላይ የእኔ ስም ተጽፎባታል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመጀመሪያዋ ጋር በዚያው ኪስ ስትዞር ኖራለች። የሙከራው አካል ስላልሆነች እዚህ አልገለብጣትም። ለመልሱ እንደ ደንቤ ሦስት ቀን ጠይቄ ነበር፤ አንድ ቀን በቃኝ።

ለዕረፍት እመጣለሁ። እስከዚያ አንድ ሥራ ልስጥሽ፤ ኮት ስፊልኝ። ትከሻ አርባ ስድስት፣ ደረት መቶ ሁለት፣ እጅጌ ስልሳ ሦስት፣ ርዝመት ሰባ አራት። ሦስት ሦስት ጊዜ ለክቼ አማካዩን ነው የጻፍኩልሽ፤ ሦስተኛውን የለካሁት እንኳ ግድ ሆኖ አይደለም። ጨርቁን ስትገዢ ሁለቱን ቁራጭ አትርሺ። የማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ካወቅሽ እጅሽ ያዳላል። የግራ እጅጌውን ቁልፍ ብቻ አጥብቀሽ ትከዪልኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዓይንሽን ለመርፌ ቀዳዳ ያቆይልኝ፣ በሰላም አገናኝቶን ሁለታችንንም ስመሽ ለመጥገብ ያብቃሽ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ