ጉም ሲሆን የምትጮኸው መኪና

ሐምሌ 9
ዝናብ። ቢሮ፣ ቤት፣ ሽሮ። ትናንት እህቴን ትርንጎን ጠይቄ ከድብ ባሕር ስመለስ መኪናዋ እንደገና ጮኸች... ሊማሊሞ ላይ ጉሙ ውስጥ ስገባ ግርርር፣ ከጉሙ ስወጣ ጭጭ። አሁን አዘዞ ደጃፌ ላይ ምንም እንዳላደረገች ቆማለች። ምን ጉደኛ ናት?

የእህቴ ሆድ ገፍቷል። ባለፈው በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ሐኪሙ ቀኗ ሳይደርስ ጎንደር ትምጣ ብሏል። ነሐሴ ላይ የማመጣት እኔ ነኝ። በዚችው መኪና።

ሐምሌ 11
መካኒኩ ሐምዛ ጋራዥ ወሰድኳት። አስነሳ፣ አጠፋ፣ ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠ። ምንም የለም። "አበቡ፣ መኪናዋ ደህና ናት። ጆሮሽን ታይተሻል?" ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እማዬ ግን መልሱን ታውቃለች። "ቦታው ነው። ያ የሊማሊሞ ገደል ሸጋ ቦታ አይደለም።" ጠበል ይዛ ወጥታ ኮፈኑን ረጨችው። ከዚያ እኔን። ምነው እኔን?

ሐምሌ 20
ሐምዛ ራሱ ነዳት። ፀሐይ ነበር። ዝም አለች። "ጉሙን አምጪልኝና እሠራልሻለሁ" አለኝ። ባለጌ!

ሐምሌ 27
ጉዱ ወጣ።

ልጨቃጨቅ ሐምዛ ጋ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ ሁለታችንም መኪናዋ ውስጥ ገባን። መስኮት ዝግ፣ እንደ አገሩ ልማድ። መስታወቱ ወዲያው በትንፋሽ ጭጋግ ለበሰ። ሞተር አስነስቼ የመስታወት ማጥሪያውን ቁልፍ አዞርኩ...

ግርርርር!

ሐምዛ ዘለለ። "ምኑን ነካሽው?"
"ምንም! መስታወቱን ላጥራ ብዬ..."
"መልሽው!" ዝም አለች። "አዙሪው!" ግርርር።
ዓይኑ ፈጠጠ። "አበቡ፣ ይሄ እኮ ኤሲውን ያስነሳል።"

ኤሲ? እኔ? ጎንደር ላይ ማን ኤሲ ይከፍታል? ከገዛኋት ጀምሮ የኤሲውን ቁልፍ ተጭኜ አላውቅም! ለካ መስታወት ባጠራሁ ቁጥር ኤሲውም አብሮ ሲሠራ ኖሯል። ጉሙ አይደለም። ገደሉም አይደለም። የገዛ እጄ!

ኤሲውን የሚያሠራውን ኮምፕሬሰር አሳየኝ። በእጅ ሲያዞሩት ይንቋቋል፤ ውስጡ ተበልቷል። ከዚያ ሞተሩ ላይ የሚሽከረከረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ነካ አደረገና "ሁሉን የሚያዞረው ይሄ አንድ ቺንጋ ነው። ኮምፕሬሰሩ አልዞርም ካለ ይበጠሳል። ያኔ መሪው ድንጋይ ይሆንብሻል፤ ሞተሩም ይግላል" አለኝ።
"ኩርባ ላይ ቢሆንስ?"
ሁለቴ ደህና ናት ያለኝ ሰው ፊቱ አመድ መሰለ።

ስንት ጊዜ ነው በዚያ መንገድ የወጣሁት? እማዬን ጎኔ አስቀምጬ! ደንግጫለሁ። እራት አልበላሁም።

ሐምሌ 29
ኮምፕሬሰር ጎንደርም ባሕር ዳርም ታጣ። ሐምዛ አጠር ያለ ቺንጋ አስገብቶ ኮምፕሬሰሩን ከጨዋታ ውጭ አደረገው። አሁን የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ማጥሪያው ግን ሙቅ አየር ብቻ ነው፤ ቀርፋፋ። "ጉም ላይ መስኮት ክፈቺ። ሌላ መላ የለውም።"

መስኮት! እማዬ ባለችበት! አውቶቡስ ላይ ጣት የምታህል ክፍተት ካየች ረዳቱን ቁም ስቅሉን የምታሳይ ሴት ናት። ነገርኳት። "ነፍሰ ጡር ይዘሽ? ብርድ ይመታታል! እህትሽን ልትገድያት ነው?"
ማን ነው የሚገድላት? ብርዱ ወይስ ገደሉ?

ነሐሴ 12
ነገ እማዬና እኔ ትርንጎን ልናመጣ እንሄዳለን። እማዬ ሦስት ጋቢ አዘጋጅታለች። "አትከፍቺም" አለች። ጋቢዎቹን መኪናዋ ላይ ጫንኩ።

ነሐሴ 14
ጎንደር ደርሰናል። ሦስታችንም... ተመስገን።

ጉሙ ሊማሊሞ ላይ ነበር። መስኮት ዝግ፣ ሦስት ሰው ይተነፍሳል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ መስታወቱ ነጭ ሆነ። እጄ በልማድ ማጥሪያውን አዞረ... ምንም። ገደሉ በየት በኩል ነው? ፍሬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላችን የከባድ መኪና ጥሩምባ! ትርንጎ ከኋላ ወንበር "እታለም!" ብላ ጮኸች።

ድንገት ብርድ ጉንጬን መታኝ። ዞር ስል እማዬ መስኮቷን እስከ ታች አውርዳዋለች። አንገቷን አስግጋ የመንገዱን ዳር ታያለች!
"ወደ እኔ አታምጪ! ወደዚያ! አዎ... ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ!"
"እማዬ፣ ብርዱ..."
"ብርዱ እኔን ይምታኝ! ንጂ!"

ደባርቅ እስክንደርስ ጭንቅላቷ ውጭ ነበር። ነጠላዋን ስትጨምቀው ውሃ ወረደ። ሦስቱም ጋቢ ትርንጎ ላይ ነበር። እናቴ ናት ይቺ? አሁን ስጽፈው እንኳ አላምንም።

ነሐሴ 24
ትርንጎ ወንድ ወልዳለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። እማዬን ጉንፋኑ አለቀቃትም፤ "አላልኩሽም?" እያለች ታስላለች።

ዛሬ ከሆስፒታል ስናወጣቸው ዘነበ። መስታወቱ ጭጋግ መልበስ ጀመረ። የእማዬ እጅ ራሱ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጣት የምታህል ከፈተች።
"ሕፃን አለ፣ ይበቃሻል" አለችኝ።