ለጋሼ ሙላት ያልተነገረው ክልከላ

ሐሙስ

ዛሬም ፋይሉን ከፋፍዬ አልጨረስኩም። የቀን መቁጠሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራማችን ድፍን አንድ ፋይል ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ በየፊናው እየመጣ የጨመረበት። አንዱን ስትነካ ሌላው ይናዳል። ስለዚህ በየክፍሉ እንደ አዲስ ልንሠራው ተስማማን። በዓላትና አጽዋማቱ ለእኔ ደረሱኝ። መጀመሪያ የጻፏቸው ጋሼ ሙላት ናቸው፣ ራቤል ከተማ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩኝ።

ያኔ በትምህርት ቤቱ ብቸኛ ኮምፒውተር ፊት ጋቢያችንን ተከናንበን እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ያለቀውን በፍሎፒ ዲስክ አድርገን፣ አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞቻችን እንዲያደርስ ለአውቶቡስ ሾፌር እንሰጥ ነበር። ደግ ጊዜ ነበር። ናፈቀኝ። አሁን ያንኑ ነው የማፈርሰው።

ዓርብ

ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ጽፎ ሥራው ተደበላለቀ። አዲስ አበባ ሆና ለምታስተባብረን ለሰላም ደወልኩ። እንደ አገራችን የጓሳ ሣር መስክ እንዝጋው አልኳት። ጓሳ ሲዘጋ ሣሩ እስኪደርስ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም። እኛም አዲሱ እስኪያልቅ አሮጌውን ማንም አይንካ። ሳቀች፤ ግን ወደደችው። ለሁሉም ኢሜይል ላከች።

ቅዳሜ

እኔ ያለሁበት ዓለም ከተማ መብራት የለም። ልብስ አጠብኩ።

እሑድ

ጉድ ፈላ! ጋሼ ሙላት ስንት ሳምንት የለፉበትን እርማት በአሮጌው ላይ ሠርተው ላኩ። ሰላም “ተዘግቷል፣ አንቀበልም” ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም “እንግዲያው በቃኝ” ብለው ጻፉ።

ደወልኩላቸውና አሮጌውን እንደ ጓሳ ዘግተነው እንደነበር ነገርኳቸው።

“ጓሳ ሲዘጋ እኮ ቅዳሴ ሲያልቅ ለሕዝብ ይነገራል! እኔን ማን ነገረኝ?”

እውነታቸውን ነው። ኢሜይል የሚከፍቱት ሲሻቸው እንደሆነ እያወቅን፣ ስለላክን ብቻ የነገርናቸው መሰለን። “ይቅር ይበሉኝ ጋሼ” ስል ስልኩን ዘጉት።

ሰኞ

ክፍል ገብቼ አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን እንጃ። እሳቸው ከሌሉበት ይህ ሥራ ምን ይጥመኛል?

ማክሰኞ

የላኩትን እርማት ቁጭ ብዬ በአዲሱ ክፍል ውስጥ አስገባሁት። ከአሮጌው ፋይል የበዓላቱን ክፍል ሰረዝኩ። አዲሱን ላኩላቸውና መላኬንም በስልክ ነገርኳቸው። “እሺ” ብቻ አሉኝ።

ረቡዕ

መልስ መጣ። ሰላምታ እንኳ የለውም።

“ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ አንድ ነው። ያንተ ነሐሴ ሁለት ይላል። እንዲህ ነው ያስተማርኩህ? ገና ብዙ አለብህ፤ ነገ ደግሞ ገናን አየዋለሁ።”

ብቻዬን ሳቅሁ። ነገም ሊቆጡኝ ነው፤ ተመስገን።