በለቅሶ ቤት የቀረው የከፍታ ዝላይ ፍራሽ

ቀን፦ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ፍራሹ እስኪመለስ ዝላይ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን በትሕትና እናዘዛለሁ፤ ይህ አቤቱታ የተጻፈበት እስክሪብቶ ከነርሷ ጠረጴዛ ላይ ሳላስፈቅድ ያነሳሁት ነው። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. ካዛንቺስ ከፍርስራሹ በተረፈው ሜዳ የሚሠለጥን የሰፈር ክለብ ከፍታ ዘላይ ነኝ። ክለባችን ያለው አንድ ወፍራም የማረፊያ ፍራሽ ብቻ ነው። የክለባችን ኮሚቴ ሰብሳቢ የአቶ አረጋዊ እናት ባረፉ ጊዜ፣ ከሩቅ ለመጡ ለቀስተኞች ማደሪያ እንዲሆን እድሩ ተዋሰው። ይህን አልቃወምም፤ ተሸክመን ያደረስነው እኛው ነን።

2. ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ሀዘንተኛ ቤት ሄዶ "ዕቃችንን" የሚል ሽማግሌ ጠፋ። "አርባው ይውጣ" ተባለ፤ አርባው ሲወጣ "ሰማንያው ይለፍ" ተባለ። ማለቴ፣ በዚህ አያያዝ ሙት ዓመቱም ሩቅ አይደለም። አቶ አረጋዊ ደግሞ ፍራሹ የእድሩ መስሏቸዋል። የክለቡ ሰብሳቢ ቢሆኑም ልምምድ አይተው ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም።

3. ውድድር ስለደረሰ ልምምዱ ሰጋቱራ በተሞላ ጆንያ ላይ ቀጠለ። አሠልጣኛችን ጋሽ ተከስተ "ይቁም" ቢሉ፣ የኮሚቴው አባል አቶ ረጋሳ "እኛ በዘመናችን አሸዋ ላይ ዘለን ምን ሆንን?" አሏቸው። እሳቸው የዘለሉት በመቀስ ነው፤ እግር በእግር ተሻግሮ በእግር መውረድ። ምን እንደሆኑም ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው ይናገራል። እኛ ግን ጠምዘዝ ባለ መስመር ሮጠን፣ ከዘንጉ በሚርቀው እግር ተነሥተን፣ በጀርባ ነው የምናልፈው። ቀድሞ የሚያርፈው ትከሻ ነው። ስለዚህ ፍራሹ የዝላዩ ግማሽ ነው፣ በቃ።

4. ጓደኛዬ ሃያት ዘንጉን ሳትነካ አለፈች። እንዲያ ያማረ ዝላይ አይቼ አላውቅም። ጆንያዎቹ ተለያዩና በመሃላቸው በአንገቷ ወረደች። ሐኪሙ ለአባቷ የነገራቸውን እዚህ አልደግመውም። እጇም እግሯም አይታዘዛትም።

5. ኮሚቴው ተሰብስቦ "ልጅቷ የምትወድቅበትን ባለማየቷ የደረሰ ጉዳት ነው" ሲል ወሰነ። በጀርባ የሚዘል ሰው የሚያየው ሰማይ ብቻ መሆኑን የነገራቸው የለም። ስለ ፍራሹም ትንፍሽ ያለ የለም፤ ሀዘንተኛው ከፊታቸው ተቀምጠዋላ። ቅዳሜ ታናናሾቻችን እዚያው ጆንያ ላይ ይዘላሉ።

ስለዚህ ፍራሹ ሜዳው ላይ እስኪደርስ ዘንጉ እንዲወርድ ያዝዙልን ዘንድ እለምናለሁ። እርስዎ የሰፈራችን ሰው ስላልሆኑ ይሉኝታ አይይዝዎትም ብዬ ነው።

6. ይህን የምጽፈው ከሃያት አልጋ አጠገብ ነው። "ሀዘንተኛ አታሳፍር፤ የወደቅኩት እኔ፣ አንተን ምን አገባህ?" ብላ ከልክላኝ ነበር፤ እስክትተኛ ጠበቅኩ። አሁን ነቅታ ታየኛለች። ወረቀቱን ልትነጥቀኝ አትችልም። "ጀሚል" አለችኝ፤ ደግማ "ጀሚል" አለችኝ።

በዚሁ ላብቃ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጀሚል ዓብዱልመጂድ
(ፊርማ)