ቫይረስ እንዲገኝ የተሳልኩት ጥላ

ሐረር፣ ግንቦት 11 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዕፀገነት፣ ባሕር ዳር። እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ፣ ከፈላና በር እስከ ጊደር መጋላ ገበያ ካለው ወሬ ጋር፣ ደህና ነን።

እናትሽ ደስተኛ ናት፤ ድምፄ ስለጎረነነ ሠላሳ ዓመት ያላስጨረስኳትን ወሬ አሁን ትጨርሳለች። አንገቴ ላይ ካለችው እብጠት የተቆረጠች ቅንጣት ደግሞ፣ እኔን ጥላ፣ ለምርመራ በክብር አዲስ አበባ ገብታለች። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ይህ ስሙ የማይጠራ የጉሮሮ በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። ከቫይረስ የመጣው ለሕክምና ቶሎ ይሸነፋል፤ ሌላው ግትር ነው። የሚለያቸው በቅንጣቷ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ነው፤ በዝቶ ከታየ የቫይረሱ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቫይረሱ እንዲገኝብኝ ለደብሩ ጥላ ተሳልኩ። የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደሚካኤል ጆሯቸውን አላመኑም።

«አንተ ሀብተወልድ! ሰው ልዳን ብሎ ይሳላል እንጂ ቫይረስ ይገኝብኝ ብሎ ይሳላል?»

«መምሬ፣ ከመጣ አይቀር ደህናው ይምጣ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ከተገኘ ጥላውን ታስገባለህ። ካልተገኘስ?»

የጥላው ዘርፍ ወርቃማ ይሻላል ወይስ ብርማ ብዬ ጠየቅኋቸው።

ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይደርሳል። እንዳጋጣሚ ማንጎውም የሚበስለው ሐሙስ ነው፤ ረቡዕ ብትገቢ አይከፋም። እናትሽ ከጠየቀችሽ ማንጎ አምሮኝ ነው በያት።

መንገዱን ያቅልልሽ፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

አባትሽ ሀብተወልድ