ስለ ሁለቱ ሮቦቶች የተናገርኩት ቃል

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእትዬ መሠረት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ብርዱ ሲበረታ የሚነሣብሽ ሳል ዘንድሮ ምሮሻል ወይ? ጋሽ አምሀ ዓይናቸውን ታከሙ? ልጄ ሶሲስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እናቷ ካረፈች ወዲህ አንቺ ዘንድ መሆኗ ነው እኔን ሰው ያደረገኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ለጤናዬ ደኅና ነኝ። ልቤም ደኅና ነው ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ነገሩ የመጣው ከሥራ ነው። መጋዘናችን ከበርበራ የሚመጣ ስኳርና ሩዝ የሚራገፍበት መሆኑን ታውቂያለሽ። ባለቤቱ ቻይና ሄዶ አይቶ ኖሮ፣ ጆንያ የሚያመላልሱ ሁለት ዓይነት ሮቦቶች ለሙከራ አስመጣ። ሮቦት ስልሽ እጅና እግር ያለው አይምሰልሽ፤ ጎማ ያለው ዝቅ ያለ አልጋ በዪው። አንደኛው ወለሉ ላይ የተለጠፈ መስመር ተከትሎ ብቻ ይሄዳል። መስመሩ ላይ አንድ ጆንያ ከወደቀ እዚያው ቆሞ ይጮኻል። የጅግጅጋ አቧራ መስመሩን ሲያለብሰው ሰው ይጠርግለታል፤ የሚጭንለትም የሚያወርድለትም ሰው ነው። ሁለተኛው መስመር አይፈልግም። መጋዘኑን አንድ ጊዜ ዞሮ ካጠና በኋላ እያየ መንገዱን ራሱ ይመርጣል፤ ጭነቱንም ከሥር ገብቶ ራሱ ያነሣል፣ ራሱ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ጃማ በጆንያው ድርድር መካከል መስገጃውን ዘርግቶ ሲሰግድ፣ ሁለተኛው መጥቶ ከኋላው ቆመ። ትንሽ ጠበቀና ዞሮ በሌላ በኩል ሄደ። ጃማ ሶላቱን ሲጨርስ፣ «ወላሂ ይሄ ብረት ከሱጉሌ ይሻላል! ሱጉሌ ሁልጊዜ በፊቴ ነው የሚያልፈው» ብሎ ባልደረባውን ሲተርበው ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያ ብረት እንጀራቸውን የሚወስድ መሆኑን ግን ከመካከላችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሚገዛውን ለመምረጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ የመጋዘን ኃላፊ ነኝና አባል ሆንኩ፤ ጸሐፊው ሰይፈ ነበር። አዎ፣ ከጎባ አብረን የወጣነው፣ ሶሲን ክርስትና ያነሣልን አበልጄ ሰይፈ። ምሳ ቤቱ ጋበዘኝና፣ እስቲ በመድኃኔ ዓለም፣ አንተ የቱን ትመርጣለህ አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ለሥራው ከሆነ ሁለተኛው ይበልጣል፤ እኛ ዘንድ ድርድሩ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ መስመር እየለጠፉ መኖር አይቻልም። ግን እሱ ከገባ አሥራ አራት ሰው ይወጣል፤ ስለዚህ እኔ የመጀመሪያው ይገዛ ነው የምለው አልኩት። ጃማም ወሬው ደርሶት ሲጠይቀኝ፣ አትሥጋ፣ የመጀመሪያውን ነው የምንወስደው ብዬው ነበር።

ዓርብ ተሰበሰብን። ሰይፈ ገና ከመቀመጣችን ወረቀት አዞረ፤ ስማችንን ጽፈን ፈረምን። እኛ መሥሪያ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መገኘትሽን ትፈርሚያለሽ፣ ቃለ ጉባኤው በኋላ ይጻፋል። ወዲያው ጁምዓ ደረሰ ተባለና ሰኞ እንቀጥላለን ብለን ተበተንን። ሰኞ ጠዋት ስገባ ቃለ ጉባኤው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። «በመጋዘን ኃላፊው በአቶ ሀብተየስ የሙያ አስተያየት መሠረት ሁለተኛው ዓይነት እንዲገዛ» ይላል። የፈረምንበት ወረቀት ከሥሩ ተያይዟል። ከጎኑ የአሥራ አራቱ ሰዎች ስንብት አለ።

ጃማ አማርኛ አያነብም፤ ልጁ ዐያን ናት ያነበበችለት። በሩ ላይ ጠበቀኝ። ጮኾ በሰደበኝ እንዴት በወደድኩ! «አዴር» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ። «አዴር፣ አይሆንም ብትለኝ እኮ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። አትሥጋ አልከኝ፣ አመንኩህ።»

ሰይፈ ዘንድ ሄድኩ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ምን ዋሸሁ፣ አበልጄ? ሁለተኛው ይበልጣል ያልከው አንተ አይደለህም? ባለቤቱ የፈለገው እሱን ነበር። ያንተ ስም ካለበት ጫኞቹ አይጮኹም። ይልቅ ጡረታህ ደርሷል፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። በማዕዱ ላይ የነገርኩትን ከሁለት ቆርጦ፣ ግማሹን ጥሎ ግማሹን ጻፈው።

ሌላ ሰው ቢያደርገው ተታለልኩ ብዬ እተወው ነበር። የሶሲ እናት ስታጣጥር ውኃ ያጠጣት እኮ እሱ ነው፤ ያ እጅ ይህን ሲጽፍ እንዴት እሺ አለው? ደግሞ ራሴን ስመረምር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለጃማ ቃል የሰጠሁት በማልችለው ነገር ነው፤ አዴር መባሉ ይጥመኝ ነበር። በባዶ ወረቀት ላይ ስፈርምም እጄን ይዞ ያስፈረመኝ ማንም የለም።

ሐሙስ ዕለት ያልኩትን ሁሉ ሳልቆርጥ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይኖር መፈረሜንም ጨምሬ ጻፍኩና ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ። ቅጂውን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ በባዶ ወረቀት የሚፈርም ሰው መጋዘን አይይዝም ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። በዚህስ አልፈርድበትም። ግዢው ግን አልቀረም፤ ሰዎቹም አልተመለሱም። ዐያን የእኔንም ወረቀት ለአባቷ አንብባለታለች አሉ። ምን እንዳለ የነገረኝ የለም።

እሑድ አስተርዮ ማርያምን ሳስቀድስ፣ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ሰይፈ በቀኜ ቆሞ ኖሮ እጅ ነሣኝ። አንገቴ አልታጠፍ አለኝ። ወደ ግራ ዞሬ ለማላውቀው ወታደር እጅ ነሣሁ። በእግዚአብሔር ቤት ይህን ያደረግኩ ሰው ነኝና ጸልዪልኝ፣ እኅቴ።

ጋሽ አምሀን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ሶሲዬን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ ስለ ክርስትና አባቷ ምንም አትንገሪያት፣ እኔው መጥቼ እነግራታለሁ። ሠራተኛሽን ማርታንም ሰላም በዪልኝ። ጎረቤትሽን የሰይፈን እናት ደግሞ እንደ ወትሮው ጠይቂያቸው። ልጄ እንዴት ነው ማለታቸው አይቀርም። ደኅና ነው፣ ከወንድሜ ጋር አልተለያዩም በያቸው። የዚህችን ውሸት ኃጢአት እኔው ልሸከመው።

ወንድምሽ ሀብተየስ
ጅግጅጋ፣ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.