ወደ ቢጫው ሸህ

ጥር 5
አሣ ወደ ውጫሌ። ሃያ ሁለት ቆሮሶ፣ ሦስት አምባዛ። ሞተሯ ደህና ናት። ኬላ ላይ የሚቆመው ሰውዬ ዛሬም "የሞተሯ ባለቤት የታለ?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። ሳቀ። በሳምንት ሦስት ቀን ያየኛል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይስቃል።

ባዶ ሣጥኑን ጭኜ ስመለስ ሐይቁ ዳር አቆምኩ። ድመቶቹ መጡ። ሞተሬን ከልባቸው የሚወዱት እነሱ ብቻ ናቸው። ተቀምጬ አሰብኩ... ሐይቅ ውጫሌ፣ ውጫሌ ሐይቅ። ጉድጓዱን ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ኩዌት ስድስት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ኖርኩ። ረጅሙ ጉዞዬ ከማድ ቤት እስከ ጣሪያ ነበር፣ ልብስ ላሰጣ። ያኔ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ አገሬ ከገባሁ አንድ ቀን ማንም ሳይጠራኝ ዝም ብዬ ሩቅ እሄዳለሁ ብዬ። ውጫሌ ሩቅ አይደለም።

ሰመራ ድረስ ብሄድስ?

ጥር 6
ለእማ ነገርኳት።
"ሰመራ ማን አለሽ?"
"ማንም።"
"አሣ ልትሸጪ ነው?"
"እማ፣ በዛ ሙቀት አሣ?"
"ታዲያ ለምን?"
"ለመሄድ።"
ትክ ብላ አየችኝ። ከዛ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ትኩሳት ይኖራታል ብላ። የለኝም።

ሱሩር ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ተነገረው። "ሴት ልጅ ብቻዋን በረሃ?" አለ። ወንድሜ ከደሴ አልፎ አያውቅም። ሞተር ያስተማረኝም እሱ ነው፣ አሁን ይጸጸታል መሰለኝ። ቢሆንም ሳልጠይቀው የሞተሯን ዘይት ቀየረልኝ፣ ካቴናውንም አጠበቀው። እየተቆጣ።

ጥር 9
ዛሬ የሆነውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው...

ከጁምዓ በኋላ ጎረቤቱ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ከነሱ አንዷ ፋሲካ "ሂንድ ጓዝ እያሰረች ነው አሉ፣ ወዴት ናት?" ብላ ጠየቀች። እማ "ለመሄድ" ማለት አፈረች። ማን ያምናታል? እኔን እያየች "ለዚያራ ነው" አለች።

ዚያራ! ሸህ ዘንድ ለዱዓ። እኔ!

"እሰይ! የት?" አለ ጋሽ ኑርዬ። እማ ቤቱን ዞራ አየች። ጥጉ ላይ የውሃ ጀሪካናችን አለ፣ ቢጫው።
"ቢጫው ሸህ ዘንድ" አለች።

አንድ ሰው እስኪስቅ ጠበቅሁ። ጋሽ ኑርዬ ራሱን ነቀነቀና "ከባቲ ወዲያ ያሉት። አባቴ በእግሩ ሄዶ ዘይሯቸዋል" አለ። ፋሲካ "ለምን ቢጫ ተባሉ?" አለች። "ጥምጣማቸው ነዋ!" አላት፣ እንዴት ይሄ ይጠፋሻል በሚል ዓይነት።

ሲወጡ እማን "ምን አደረግሽ?" አልኳት። "እኔ ምን አደረግሁ፣ አፌ ነው" አለች።

ጥር 12
ስለት ይጎርፋል። ፋሲካ ጥምቀት ስላለፈላት ዛሬ መጣች፣ ጥላ ይዛ። ዘርፍ ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ዓይነት።
"ፋሲካ፣ ለሸህ ጥላ?"
"ሸህስ ቢሆኑ ፀሐይ አይመታቸውም? ለማርያምም ነግሬያታለሁ፣ አትቀየመኝም።"

ዑምኩልሱም ነጭ ዶሮ ይዛ መጣች። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ዶሮ በሞተር እንዴት ይሄዳል አልኳት። "ተቀምጦ" አለችኝ።

ጋሽ ኑርዬ ጋቢ አመጣ፣ ለጉልበቱ። እውነቱን ልነግረው ሞከርኩ። "ጋሽ ኑርዬ፣ እኒህ ሸህ እኮ... ላይኖሩ ይችላሉ።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ልክ ነሽ፣ ለሁሉም ሰው አይገለጡም" አለኝ።

እማ ራሴን አሞኛል ብላ ተኝታለች። አላመማትም።

ጥር 15
እት አሪፋ መጡ። አጥራችን አንድ ነው፣ ግን ሰሞኑን ከሰዎቹ ጋር አላየኋቸውም ነበር። ምንም አልያዙም። ተቀመጡ፣ ስለ ብርዱ አወሩ።

ልጃቸው ሐቢብ በዛው መንገድ ነው የሄደው። ሦስት ዓመት ሆነው። በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ፣ ከዛ በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ወደ ሳዑዲ። መጨረሻ የደወለው ከሎጊያ ነው። "ሻይ እየጠጣሁ ነው እማ፣ ማታ እንነሣለን።" ከዛ ወዲህ ምንም።

"ሸኹን አንድ ነገር ጠይቂልኝ" አሉ። "ዱዓ የማደርገው በሕይወት ላለ ልጅ ነው ወይስ ለሞተ? የቱን እንደምል አላወቅሁም እኮ። አምስቱንም ወቅት ሰግጄ እጄን አነሣለሁ፣ ሐቢብ እላለሁ፣ እዛ ላይ እቆማለሁ።"

ንገሪያቸው! አሁን ንገሪያቸው! ይለኛል ልቤ... "እሺ እት አሪፋ" አልኩ።

የእማን አፍ አምቻለሁ። የኔስ አፍ የት ነበር? የሐቢብን ፎቶ ሰጡኝ። ጆሮው ትልልቅ ነው፣ ሰው ሲጠራው እንደሚሰማ ልጅ። መሄዴን ልተወው? ብተወውም ሰበብ ያስፈልገዋል። ሌላ ውሸት።

ጥር 17፣ ባቲ
ሄድኩ።

ሠፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሸኘኝ። ኩዌት ስሄድ ሦስት ሰው ነበር የሸኘኝ፣ አንዱም ደላላው። ዶሮው በአሣው ሣጥን፣ ጥላው በጎን ታስሮ፣ ጋቢው ሆዴ ላይ። ጅልባቤን ካቴናው እንዳይበላው ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩት። እማ ዓይኔን አላየችም። እት አሪፋ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን ይዤ እጄ ደነዘዘ። ከኮምቦልቻ በኋላ ግን መንገዱ ለቀቀኝ። አራተኛ ማርሽ። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አልጠበቀኝም። ሄልሜቱ ውስጥ ጮህኩ። ዶሮውም ጮኸ። ደስ አለኝ፣ በቃ ሌላ ቃል የለኝም፣ ደስ አለኝ። ከዛ ኪሴ ውስጥ ያለው ፎቶ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ።

አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ "ወዴት?" አለኝ። "ሰመራ።" "ለምን?" ቀላል ጥያቄ ነው፣ ለመሄድ ነው ማለት ነበረብኝ። "ለዚያራ" አልኩት። የእማ ልጅ! "የት?" "ቢጫው ሸህ ዘንድ።" ፖሊሱ ቀና አለ። "ለኔም ዱዓ አስደርጊልኝ፣ ዝውውር ጠይቄያለሁ" ብሎ ገመዱን አወረደልኝ።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ለሴት ብቻዋን አላከራይም ሊል ነበር። ዶሮውን ሲያይ ያንን ረስቶ ስለ ዶሮው መከራከር ጀመረ። ዶሮው ግቢ ያድራል።

ጥር 18፣ ሎጊያ
ጠዋት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ስለቱን መጣል አልችልም። መልሼ መውሰድም አልችልም። ሸህ የለም። ታዲያ የሚቀበል ሰው ጠፍቶ ነው?

ጋቢውን ከባቲ መውጫ ላይ ከፍየሎቹ ጋር ለተቀመጡ ሽማግሌ ሰጠሁ። "የማን ነው?" "ጉልበቱን የሚያመው የጋሽ ኑርዬ።" እጃቸውን አነሡና ለጋሽ ኑርዬ ጉልበት ረጅም ዱዓ አደረጉ፣ ሁለቱንም ጉልበት ለይተው። ጥላውን ሕፃን ታቅፋ መኪና ለምትጠብቅ ሴት። "ፋሲካ ማናት?" "ጎረቤቴ።" መረቀቻት። ዘርፉን ሕፃኑ ወዲያው አፉ ውስጥ ከተተው።

ከዛ ወዲያ ዛፉ እየሳሳ ሄደ። ነፋሱ የዳቦ ቤት በር እንደተከፈተ ነው። ግመሎች መንገድ አይለቁም፣ እኔ ለቀቅሁ። የቦቴ ሹፌሮች ሴት መሆኔን ሲያዩ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ አንዱ ለማየት ሲል ከአስፋልት ሊወጣ ነበር። በእግራቸው ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ ልጆችም አየሁ። አምስት፣ ከዛ ዘጠኝ፣ ከዛ መቁጠር ተውኩ። ትንንሽ ፌስታል ይዘዋል። አንዱ እጁን አውለበለበልኝ። ውሃዬን ሰጠኋቸው። ምን ልበላቸው? እኔም ሂጂ ያሉኝ ጊዜ ሄጃለሁ።

ሎጊያ ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ረቢያ ትባላለች፣ አባቷ የወሎ ሰው ነው። ፎቶውን አሳየኋት። በቀሚሷ ጠርዝ ጠረግ አድርጋ ትክ ብላ አየችው።
"በቀን ስንቱ ያልፋል እህቴ። ሁሉም ይሄን ይመስላል።"
"እዚህ ሎጊያ ሻይ ጠጥቶ ነበር፣ ከሦስት ዓመት በፊት።"
"እዚህ ይሆናል። ሌላም ቤት ይሆናል።"

ዶሮውን ሰጠኋት። ለዑምኩልሱም ልጅ ፈተና ዱዓ አደረገች። ከዛ ፎቶውን እያየች "ለእሱስ ምን ልበል?" አለችኝ። ያው የእናቱን ጥያቄ መልሳ ጠየቀችኝ።

ሰመራን አየሁ። ሰፊ መንገድ፣ ብዙ ነፋስ። ሞተሯን ፎቶ አነሣኋት። ተመልሼ እዚህ ላድር ነው።

ጥር 20
ቤት ነኝ። መቀመጫዬ የኔ አይደለም።

ሁሉም መጡ። "ዱዓ ተደርጎላችኋል፣ በየስማችሁ" አልኳቸው። ይሄ እውነት ነው። ዑምኩልሱም አለቀሰች። ፋሲካ "ጥላውን ወደዱት?" አለች። "ወዲያው ነው የተጠቀሙበት" አልኩ። ጋሽ ኑርዬ "ጥምጣሙን አየሽው?" አለኝ። "አላየሁም።" ወደ ሰዎቹ ዞሮ "አላልኳችሁም? ለሁሉም አይገለጡም!" አለ። ጉልበቱ ቀለል ብሎታል አሉ።

እት አሪፋ አልመጡም።

ጥር 22
አሣ ወደ ውጫሌ። እት አሪፋ አልመጡም። በአጥሩ ሲያልፉ ሳላቸውን ሰማሁ። እኔም አልሄድኩም። ፎቶው ደብተሬ ውስጥ ነው፣ እዚህ፣ በዚህ ገጽና በሚቀጥለው መካከል።

ጥር 23
ሄድኩ።

እት አሪፋ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ፎቶውን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ብቀመጥ ኖሮ አልናገርም ነበር። "እት አሪፋ፣ ሸህ የለም። እማ አፏ ላይ የመጣላትን ነው ያለችው። እኔም ዝም አልኩ። አውፍ በሉኝ።"

ምስሩን መልቀም አላቆሙም።
"አውቃለሁ" አሉ።
"እንዴት?"
"የእናትሽ የመስኡዳ ጎረቤት ነኝ ሰላሳ ዓመት። ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል።"
"ታዲያ ለምን..."
"አንቺ ግን በመንገዱ ትሄጃለሽ። መንገዱ እውነት ነው አይደል?"

ተቀመጥኩ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ መንገዱን የሚያውቁትን ወንዶች ስጠይቅ አብሽሪ፣ አይዞሽ ይሉኛል። እኔ አብሽሪ አልጠየቅሁም። መንገዱ ምን ይመስላል? ጥላ አለው?"
"ከባቲ በኋላ ብዙም የለም።"
"ውሃስ?"
"ሚሌ ወንዝ አለ። ሻይ ቤቶቹም አላቸው።"
"ሰዉ ክፉ ነው?"
"አይደለም። እኔን ማንም ክፉ አልተናገረኝም።"
"ሻዩስ?"
"ስኳር ይበዛዋል።"

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። "ስኳር ይወዳል" አሉ። ከዛ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ምስሩን አብረን ለቅመን ጨረስን።

ስነሣ "ሞተርሽ ሁለት ሰው ይችላል?" አሉኝ።

የካቲት 1
ሱሩር አብዷል። "የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴትዮ በሞተር!" ይላል። የኋላውን መቀመጫ ግን ስፖንጅ አስጨመረበት።

ፋሲካ ማለዳ መጥታ "ደግሞ ወዴት ናቸው?" ብላ እማን ጠየቀቻት። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። እማ ጉሮሮዋን ጠረገች።
"ሎጊያ። ሻይ ሊጠጡ" አለች። ድምጿ አልቀጠነም።
ፋሲካ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሐቢብ የጠጣበት?"
"አዎ።"
"ቆይ እንግዲያ ዳቦ ላምጣላቸው" ብላ ወጣች።

የካቲት 3፣ ሎጊያ
ገባን። ባቲ አድረን፣ ሰባት ጊዜ ቆመን። እት አሪፋ እስከ ኮምቦልቻ ወገቤን አንቀው ከቁርአን ያሲንን ሲቀሩ ነበር። ከባቲ ወዲህ እጃቸው ላላ። በእግር የሚሄዱ ልጆች ባየን ቁጥር ትከሻዬን መታ ያደርጋሉ፣ አቆማለሁ። ወርደው የእያንዳንዱን ፊት አዩ። ዳቦውን ከፋፈሉ። ለእያንዳንዱ "ለናትህ ደውል" አሉት። አንዱ እዛው ቆሞ ደወለ።

ኬላው ላይ ያው ፖሊስ። "ደግሞ ለዚያራ?" "አይደለም፣ ሻይ ልንጠጣ" አልኩት። ሳቀ። ዝውውሩ አልመጣለትም።

ረቢያ ቤት ተቀመጥን። ሻዩን አመጣች። እት አሪፋ ስኳሩን ሳያማስሉ ቀስ ብለው ጠጡት፣ ብርጭቆው ታች የቀረውን በጣታቸው ጠርገው ላሱ። መንገዱን አዩ። ቦቴዎቹን። በሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ተደርድረው ማታን የሚጠብቁትን ልጆች።

ከዛ እት አሪፋ እጃቸውን አነሡ። "ሐቢብ" አሉ። እዛ ላይ ቆሙ። ረቢያ ብርጭቆ ማጠቡን ተወች።

"ለሙሳፊር ነው" አሉ። "ያ ረቢ፣ መንገድ ላይ ነው ልጄ። መንገደኛ ነው። ያለበትን አንተ ታውቃለህ፣ መንገዱን አግራለት።" አሚን አልን። ጥላው ሥር ያሉት ልጆችም አሚን አሉ። ፊታቸውን ጠረጉ፣ ሦስት ዓመት የቆመችው ዱዓ አለቀች።

"ከዚህ ወዲያ ምንድነው?" አሉኝ።
"ጋላፊ፣ ድንበሩ። ከዛ ጅቡቲ።"
"እስከሚፈቀድልን ድረስ እንለፍ።"
"ምን ልንሠራ እት አሪፋ?"
"ልንሄድ ነዋ" አሉ። ጠዋት ሄልሜቱን ያሰርኩላቸው እኔ ነበርኩ። አሁን ራሳቸው አሰሩት።